የማገዶ መብት በአዳራሽ ሲለወጥ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከለንደን መሃል ሴንትራል የሚባለውን የባቡር መስመር ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወጣ ሰው፣ ሕንጻው እየሳሳ ዛፉ እየበዛ ሲመጣ ላውተን ይደርሳል። ላውተን የኤሴክስ ከተማ ናት። ነዋሪዋ ጠዋት ተሳፍሮ ለንደን ሲሠራ ይውልና ማታ ለመኝታ ይመለሳል። እንግሊዝ እንዲህ ባሉ የማደሪያ ከተሞች የተሞላች ናት። ላይ ላዩን ላያቸው ታሪክ የሌላቸው ይመስላሉ። ጣቢያ፣ አንድ ረጅም የሱቅ ጎዳና፣ አጥር ያላቸው ቤቶች፣ በቃ።

ግን ላውተን ውስጥ ስቴሽን ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ አንድ አሮጌ አዳራሽ አለ። በድሮው ዋና በር አናት ላይ በሸክላ የተቀረጸ ምስል ይታያል፤ ሰዎች የዛፍ ቅርንጫፍ ሲቆርጡ። የአዳራሹ ስም ሎፒንግ ሆል ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የቅርንጫፍ ቆረጣ አዳራሽ» እንደ ማለት ነው። ትያትር የሚታይበት፣ ክበብ የሚሰበሰብበት፣ ሻይ የሚጠጣበት ቤት ለምን በማገዶ ስም ተጠራ? አጭሩ መልስ፣ አዳራሹ የተሠራው ድሆች ማገዶ የመቁረጥ መብታቸውን ሲያጡ በተከፈለ ካሳ ነው የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ደግሞ ከአንድ ትንሽ ከተማ አልፎ ይሄዳል። መጨረሻው አዲስ አበባ ድረስ ይደርሳል።

ከመነሻው እንጀምር። ላውተን የኤፒንግ ደን ዳርቻ ላይ ናት። ደኑ በስም የንጉሥ የአደን ደን ነበር፤ መሬቱ በየአካባቢው ባለጉልት ስር ነበር፤ ጥቅሙ ግን የጋራ ነበር። ከብት ማሰማራት የሚችል አለ፤ እንጨት መቁረጥ የሚችል አለ። የላውተን ሰው መብት ይህ ነበር፦ ከኖቬምበር 11 ሌሊት ጀምሮ እስከ አፕሪል 23 ድረስ ከዛፎቹ ላይ ቅርንጫፍ መቁረጥ። ግንዱን መንካት አይፈቀድም። ቆረጣውም ከሰው ቁመት ከፍ ካለው የዛፉ ክፍል ነው፤ አለዚያ አዲሱን ቡቃያ ከብትና አጋዘን ይበላዋል። ይህ አሠራር ዛፉን አይገድለውም፤ እንዲያውም ዕድሜውን ያረዝመዋል። ዛሬም በደኑ ውስጥ አጭርና ወፍራም ግንድ ይዘው፣ ከላይ ግን እንደ ብዙ ጣት የተዘረጉ አሮጌ ዛፎች ይታያሉ። በዘመናት መጥረቢያ የተቀረጹ ናቸው። መጥረቢያው ከቆመ በኋላ ቅርንጫፎቻቸው ያለ ልክ ስለገዘፉ ቅርጻቸው ለማያውቃቸው ሰው እንግዳ ነው።

በዚህ መብት ላይ አንድ ሁኔታ ነበረበት ይባላል። በኖቬምበር 11 እኩለ ሌሊት የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ካልተቆረጠ መብቱ ለዘላለም ይጠፋል። ከዚህ የተነሳ አንድ ተረት አለ፤ ላውተን ውስጥ የማያውቀው የለም። ባለጉልቱ ኪንግስ ሄድ በሚባለው መሸታ ቤት ለእንጨት ቆራጮቹ ግብዣ ደገሰላቸው። ሐሳቡ አስክሮ ሰዓቱን ማሳለፍ ነበር። ሁሉም ጠጡ። ቶማስ ዊሊንጌል የተባለው አዛውንት ግን እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ብድግ ብሎ ወጣ፣ ደኑ ውስጥ ገባ፣ ቅርንጫፉን ቆርጦ ይዞት ተመለሰና ባለጉልቱ ፊት አወዛወዘው።

ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን ለማረጋገጥ መድከም ብዙም አያስፈልግም። እንዲህ በደንብ የተሰናዳ ታሪክ ሁልጊዜ ትንሽ ያጠራጥራል። ግን ሕጉ እንዴት ይሠራ እንደነበር በትክክል ያሳያል። በልማድ የተገኘ መብት ወረቀት የለውም። ማስረጃው አድራጎቱ ራሱ ነው። በየዓመቱ ካልተሠራበት ይሞታል። ድሃ መብቱን የሚያስከብረው በመጥረቢያው ነው ማለት ነው፤ ሀብታሙ ደግሞ በአጥሩ።

አጥሩም መጣ። ጆን ዊታከር ሜይትላንድ የላውተን ደብር ቄስ ነበር፤ የላውተን ባለጉልትም እሱ ራሱ ነበር። ነፍስም መሬትም በአንድ እጅ። በ1860ዎቹ አጋማሽ ከደኑ 1,300 ኤከር ገደማ አጠረ፤ በኛ ድሮ አቆጣጠር 13 ጋሻ ያህል ነው። ባቡር በ1856 ላውተን ደርሶ ነበርና መሬት ከእንጨት ይልቅ ለቤት መሥሪያ የሚያወጣው ዋጋ ብዙ ነበር። የዊሊንጌል ቤተሰብ አጥሩን ጥሶ መቁረጡን ቀጠለ። በ1866 ከቤተሰቡ ሦስት ሰዎች ተከሰው ታሰሩ። የወል መሬቶችን ለማስጠበቅ በ1865 ለንደን ላይ የተቋቋመው ማኅበር ጠበቃ አቁሞ በሽማግሌው ስም ክስ መሠረተ። ዊሊንጌል ግን ፍርዱን ሳያይ በ1870 ሞተ። ክሱም አብሮት ሞተ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከተረቱ ይልቅ ይገርማል። በ1871 ክረምት ከምሥራቅ ለንደን የወጣ ሕዝብ ዋንስቴድ ሜዳ ላይ የተተከለ አጥር ነቃቀለ። የለንደን ከተማ አስተዳደር ጉዳዩን ፍርድ ቤት ይዞ ለመግባት ወሰነ። ግን በምን መብት? ከሳሽ ለመሆን በደኑ ላይ የጋራ ጥቅም ያለው መሆን አለበት። መልሱ የተገኘው ከመቃብር ቦታ ነው። አስተዳደሩ በ1850ዎቹ ለሙታኖቹ መቀበሪያ የሚሆን የእርሻ መሬት በደኑ ደቡብ ጫፍ ገዝቶ ነበር። ከመሬቱ ጋር ከብት የማሰማራት መብት አብሮ መጥቷል። በጥንቱ ልማድ ደግሞ ይህ መብት በአንድ ቀበሌ አጥር አይወሰንም፤ ከብቱ በመላው ደን ሊዘዋወር ይችላል። ስለዚህ መቃብር የገዛው አስተዳደር እንደ አንድ ገበሬ ቆሞ ባለጉልቶቹን ሁሉ በአንድ ክስ ከሰሳቸው። በ1874 ዳኛው ሰር ጆርጅ ጄስል ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት የተተከሉት አጥሮች ሕገ ወጥ ናቸው ብሎ ፈረደ። በ1878 የኤፒንግ ደን አዋጅ ወጣ። በ1882 ንግሥት ቪክቶሪያ መጥታ ደኑ ለሕዝብ ክፍት መሆኑን አወጀች። 6,000 ኤከር ገደማ ዳነ።

ድሉ ትልቅ ነው። ዛሬ የለንደን ሰው እሁድ እሁድ የሚናፈስበት ደን ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ግን አዋጁን ልብ ብሎ ያነበበ አንድ ነገር ያገኛል። ደኑ የተጠበቀው እንደ መናፈሻ ነው። መናፈሻ ውስጥ ደግሞ ቅርንጫፍ አይቆረጥም። አጥሩን የተቃወመው ሰው መብት ከአጥሩ ጋር አብሮ ተሰረዘ። ባለጉልቱም ተሸነፈ፤ እንጨት ቆራጩም ተሸነፈ። ያሸነፈው ለሽርሽር የሚመጣው ነው።

ለዚህ ካሳ ተቆረጠ፤ 7,000 ፓውንድ ያህል። በካሳው ገንዘብ አዳራሹ ተሠራ። በ1884 ተከፈተ፤ የንግግር አዳራሽ፣ የንባብ ክፍል፣ የስብሰባ ቦታ ያለው። ካሳ የሚለው ቃል ምን ዓይነት ስሜት እንደሚያመጣ የሚያውቅ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። ክረምቱን በቅርንጫፍ እሳት ለሚያሳልፍ ቤተሰብ የንባብ ክፍል ምኑ ነው? አዳራሽ አይነድም። በሌላ በኩል ደግሞ ነገሩን በቅን ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የድንጋይ ከሰል በባቡር እየመጣ ስለነበር የማገዶ ጥገኝነቱ እየቀነሰ ነበር። ገንዘቡ በየቤቱ ቢከፋፈል ኖሮ በአንድ ትውልድ ጠፍቶ ይቀር ነበር። አዳራሹ ግን ከ140 ዓመት በኋላም ቆሟል፤ በሩ አናት ላይም የተነጠቀውን ሰው ምስል ተሸክሟል። ያም ሆኖ አንድ ጥያቄ አይቀርም። አዳራሹ ውስጥ ማን ገባ?

ኦፔራ የሚጫወተው የላውተን ማኅበር በ1894 ተመሠረተ፤ እዚያው አዳራሽ ሲጫወት ኖሯል። ስሙ ብቻውን ይናገራል። የሽማግሌው ዊሊንጌል ልጆችና የልጅ ልጆች ኦፔራ አይወዱም ማለት አይቻልም፤ ግን ይህ ባቡሩ ያመጣው አዲስ ነዋሪ ጨዋታ ነበር። ጸሐፊው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ነጋዴው። እዚህ ላይ የባቡር ቲኬት ዋጋ የሠራውን ሥራ ማንሳት ግድ ነው። ያው የባቡር ኩባንያ ወደ ዋልተምስቶው በሚሄደው መስመር ላይ ለሠራተኞች በማለዳ ደርሶ መልስ በ2 ፔኒ ያጓጉዝ ነበር። በላውተን መስመር ላይ ግን ይህን አላደረገም። ውጤቱ ዛሬም በዓይን ይታያል። ዋልተምስቶው ጥግ ለጥግ በተያያዙ የሠራተኛ ቤቶች ተሞላ፤ ላውተንና ጎረቤቷ ዉድፎርድ ደግሞ የአትክልት ቦታ ባላቸው ቤቶች። የአንድን ከተማ ጠባይ አንዳንዴ የሚወስነው ከንቲባው ሳይሆን ትኬት ሻጩ ነው።

አሁን ስለ ክበቦቹ። እንግሊዝን ከውጭ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው መሸታ ቤቱን ነው። ክበቡ ግን ሌላ ነው፤ በር አለው፣ መዝገብ አለው፣ አባል አለው። በ1862 ሄንሪ ሶሊ የተባለ ሰባኪ የሠራተኞች ክበቦችን ኅብረት አቋቋመ። ዓላማው ሠራተኛውን ከመጠጥ አውጥቶ በንባብና በጨዋታ ማነጽ ነበር። ቡና፣ ጋዜጣ፣ ንግግር። መኳንንት ገንዘብ ሰጡ። ሠራተኛው ግን ቀን ሙሉ ሲለፋ ውሎ ማታ ሻይ እየጠጣ ምክር መስማት አላማረውም። ብዙም ሳይቆይ ቢራ ገባ። ቢራው ገቢ አመጣ፤ ገቢው ክበቡን ከለጋሾቹ እጅ አወጣው። በ1880ዎቹ አባላቱ ራሳቸው ኅብረቱን ተረከቡ። ሰባኪው ያሰበው ሳይሆን ቀረ፤ ከዚያ የሚሻል ነገር ሆነ፤ ሠራተኛው በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ኮሚቴ የሚያስተዳድረው ቤት።

የክበብ ቢራ ሕጋዊ ጠባይም አስገራሚ ነው። በ1882 አንድ የለንደን ክበብ ሥራ አስኪያጅ ያለ ፈቃድ መጠጥ ሸጠ ተብሎ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ነጻ ለቀቀው። ምክንያቱ ይህ ነበር፦ በክበቡ ውስጥ ያለው መጠጥ የአባላቱ ሁሉ የጋራ ንብረት ነው፤ አባሉ ገንዘብ ከፍሎ ሲጠጣ የራሱን ድርሻ አወጣ እንጂ አልገዛም። ስለዚህ ሽያጭ የለም። ማገዶውን በጋራ የማውጣት መብት በጠፋ በአራት ዓመቱ፣ ቢራውን በጋራ የማውጣት መብት ጸደቀ ማለት ነው። ዛሬም ድረስ የእንግሊዝ ሕግ ክበብን ከመሸታ ቤት ለይቶ ያያል። በ2003ቱ የመጠጥ ፈቃድ አዋጅ መሠረት ክበብ ቢያንስ 25 አባላት ሊኖሩት ይገባል፤ አንድ ሰው ለአባልነት ታጭቶ መብቱን እስኪያገኝም ቢያንስ ሁለት ቀን ማለፍ አለበት። ከመንገድ ገብቶ ልጠጣ የሚል አይስተናገድም።

እድርን የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ባዕድ አይሆንበትም። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ቅጣት። ልዩነቱ እንግሊዞች የቀብርና የሕመም መዋጮን ለሌሎች ማኅበራት፣ ለመረዳጃዎቹ መተዋቸው ነው። የእነዚያን ሥራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መንግሥት በመድን ሲረከብ ማኅበራቱ ኮሰሱ። ክበቡ ግን ስለ ሞት ሳይሆን ስለ ቅዳሜ ማታ ነበርና ቆየ።

በሩ ላይ ግን ችግር ነበር። በሠራተኞች ክበቦች ውስጥ ሴት ከባሏ ጋር ትመጣለች፣ ትጫወታለች፣ ጽዳቱንና ምግቡን ትሠራለች፤ ሙሉ የኅብረቱ አባልነት ግን አልነበራትም። ኅብረቱ ለሴቶች እኩል መብት የሰጠው በ2007 ነው። ይህ የትየባ ስህተት አይደለም፤ ሁለት ሺህ ሰባት። ሴቶች ግን እስከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። በ1915 የመጀመሪያው የሴቶች ማኅበር በዌልስ ተከፈተ፤ ገጠሩን አዳረሰ። በ1928 ሴቶች ከወንድ እኩል የመምረጥ መብት ካገኙ በኋላ፣ ለመብቱ የታገለው ድርጅት ክንፍ በ1929 የከተማ ሴቶችን ጊልድ ፈጠረ። ድምፅ የተገኘው፣ አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚሠራበት መማር ያስፈልጋል ብለው ነው። ስብሰባ መምራት፣ ሒሳብ መያዝ፣ ሻይ ማፍላት። ሻይ ማፍላቱ ላይ የሚስቅ ሰው ስለ እንግሊዝ ፖለቲካ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ምክንያቱም የፖለቲካ ፓርቲውም ክበብ ነበር። ላውተንና ዉድፎርድ ያሉበት የኤፒንግ ምርጫ ወረዳ ከ1924 ጀምሮ ተወካዩ ዊንስተን ቸርችል ነበር። የአካባቢው ወግ አጥባቂ ማኅበር የካርታ ጨዋታ ምሽት ያዘጋጃል፣ የአትክልት ቦታ ባዛር ይከፍታል፣ ሰው ያስተዋውቃል። በ1938 መኸር ቸርችል የሙኒክን ስምምነት በፓርላማ ሲያወግዝ እነዚሁ ሰዎች ተቆጡ። የራሱ ፓርቲ መሪ ሰላም አመጣሁ ሲል የእነሱ ሰው ይቃወማል? ከእጩነት ሊያወርዱት ተነሱ። ኖቬምበር 4 ቀን በተደረገ ስብሰባ በ100 ድምፅ ለ44 ተረፈ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሰር ጄምስ ሆኪ፣ የዉድፎርድ ሰው፣ ከጎኑ ባይቆም ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። አንድ መቶ ሰው። በአንድ የማደሪያ ከተማ ባዛር የሚያዘጋጁ ሰዎች ናቸው የዓለምን ታሪክ በዚያ ምሽት በእጃቸው ይዘውት የነበሩት።

በዚያው ምርጫ ወረዳ ውስጥ፣ ከዚያ ክበብ ውጭ የቆሙ አንዲት ሴት ነበሩ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ይባላሉ። ለሴቶች ድምፅ ታግለው ብዙ ጊዜ የታሰሩት ሲልቪያ በ1924 ከጣሊያናዊው ስደተኛ ሲልቪዮ ኮርዮ ጋር ዉድፎርድ ግሪን ገብተው ሬድ ኮቴጅ በምትባል ቤት የሻይ ቤት ከፈቱ። ወደ ደኑ ለሽርሽር ለሚመጣ ሰው ሻይ ይሸጡ ነበር። በዊሊንጌል ቅርንጫፍ የዳነው ደን ያመጣውን መንገደኛ ማለት ነው። ሳይጋቡ ወልደው ኖሩ፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለዚያ ሠፈር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

በሬድ ኮቴጅ አጠገብ ሲልቪያ አንድ ሐውልት አስቆሙ። ቀራጺው ኤሪክ ቤንፊልድ ነው፤ ሐውልቱም ወደ መሬት የተተከለ የድንጋይ ቦምብ ነው። በ1932 ጄኔቭ ላይ በተደረገው የጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ ከአውሮፕላን ቦምብ የመጣል መብት እንዳይነካ ለተከራከሩት በምጸት የተበረከተ ነበር። ኦክቶበር 1935 ተመረቀ፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች በሳምንታት ውስጥ። ያ የመጀመሪያው ሐውልት ብዙም አልቆየም። በሌላ ተተካና ጁላይ 4 ቀን 1936 በድጋሚ ተመረቀ። መጋረጃውን የገለጠው በለንደን የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ጸሐፊ ዛፊሮ ነበር። ቀኑን ልብ ይሏል። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ታሪካዊ ንግግራቸውን ካደረጉ አራት ቀን ሆኗል፤ በዚያው በጁላይ 4 ደግሞ የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ ወሰነ። ጄኔቭ ላይ በር ሲዘጋ፣ ኤሴክስ ውስጥ በአንዲት ሴት ግቢ ጥግ የኢትዮጵያ ተወካይ የድንጋይ ቦምብ ይመርቃል። በዚያው ዓመት፣ ላውተን ውስጥ ቤት የነበረው ታላቁ ቀራጺ ጄኮብ ኤፕስታይን የንጉሠ ነገሥቱን ምስል በነሐስ ሠራ። ደን ዳር ላለ ጸጥተኛ ሠፈር ይህ በጣም ብዙ ኢትዮጵያ ነው።

ሲልቪያ ከሜይ 1936 ጀምሮ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጡ። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባችበት ወቅት ነው የጀመሩት፤ ለ20 ዓመት ያህል ሳያቋርጡ ቀጠሉ። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አጋራቸው ነበሩ። የጋዜጣው ሥራ የሚሠራው ዉድፎርድ፣ ቻርተሪስ መንገድ ላይ ካለው መኖሪያ ቤታቸው ነበር። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ የተጠቀሙበት መሣሪያ ያው የክበብ መሣሪያ መሆኑ ነው አስደናቂው። ኮሚቴ፣ መዋጮ፣ ባዛር፣ ለሚኒስትር የሚጻፍ ደብዳቤ። ነርስነት የተማሩት ልዕልት ፀሐይ በ1942 ሲያርፉ ሲልቪያ በስማቸው ሆስፒታል ለማቋቋም ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ሆስፒታሉ አዲስ አበባ ላይ ተሠራ። ዛሬ ሰው ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚለው እሱ ነው። የእንግሊዝ ማደሪያ ከተማ የሻይ ጠረጴዛ ልማድ፣ ወግ አጥባቂው ክበብ ቸርችልን ለማውረድ የተጠቀመበት ያው ልማድ፣ ሆስፒታል ሲያቆም እነሆ።

በ1954 ኮርዮ ሞተ። በ1956 ሲልቪያ ቤታቸውን ትተው ከልጃቸው ሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ጋዜጣው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በሚባል ወርሃዊ መጽሔት ተተካ። በ1960 አረፉ፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት መርተዋል። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁሉ ከዉድፎርድ የመጣ ልጅ የጻፈውን ሳያገላብጥ አያልፍም።

ዉድፎርድ ግን ማንን አስታወሰች? ኦክቶበር 31 ቀን 1959 ሜዳዋ ላይ የቸርችል ትልቅ የነሐስ ሐውልት ተመረቀ። መራቂው ማርሻል ሞንትጎመሪ ነበር፤ ቸርችል ራሱም ተገኝቷል። ከዚያ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ የድንጋዩ ቦምብ ለረጅም ዓመታት ቁጥቋጦ ጥግ ቆሞ ነበር። በ1938 ሊያወርዱት ከነበሩት ሰዎች መካከል ለሐውልቱ ያጨበጨቡ አልነበሩም ብሎ የሚምል ሰው ደፋር ነው። የአካባቢ ታሪክ እንዲህ ነው፤ ጭብጨባው አንደኛ ይመዘገባል፣ ድምፅ አሰጣጡ ደብተር ውስጥ ይቀራል።

ደብተሩን የሚከፍት ሰው ሲገኝ ነገሩ ይለወጣል። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የአካባቢ ታሪክ ጥናት ትልቅ እንቅስቃሴ ሆነ። በ1948 ሌስተር ላይ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት ክፍል ተከፈተለት። ደብልዩ ጂ ሆስኪንስ በ1955 የእንግሊዝን መልክዓ ምድር አፈጣጠር፣ በ1959 ደግሞ የአካባቢ ታሪክን ለተራ አጥኚ የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣ። በየከተማው የታሪክ ማኅበር ተቋቋመ፤ የላውተኑ በ1962። ማኅበሩ ራሱ ክበብ ነው። መዋጮ አለው፣ ተናጋሪ ይጋብዛል፣ ጋዜጣ ያወጣል፣ ሻይ ይጠጣል። አባላቱ ብዙውን ጊዜ ባቡሩ ያመጣቸው ሰዎች መሆናቸው አይገርምም። ተወልዶ ያደገበት ሰው ታሪኩን እንደ አየር ይተነፍሰዋል፤ መጤው ነው የሚጠይቀው። በሥራ ዘመኑ ለከተማዋ ያደረ እንጂ የዋለ የማይመስለው ሰው ጡረታ ሲወጣ የእያንዳንዱን ቤት ባለቤት ዝርዝር ይፈልጋል።

ይህን ማሾፍ ቀላል ነው። ግን የሠራተኞች ክበቦች እየተዘጉ ባለበት ዘመን ማን ቀረ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ በኅብረቱ ስር ከ4,000 በላይ ክበቦች ነበሩ፤ ዛሬ ግማሹ እንኳ የለም። ርካሽ የሱፐርማርኬት ቢራ፣ ቴሌቪዥን፣ የፋብሪካ መዘጋት፣ በ2007 የመጣው የቤት ውስጥ ማጨስ ክልከላ፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ክበብ ሲዘጋ ሕንጻው ይሸጣል፤ ቃለ ጉባኤው፣ የዋንጫ ሳጥኑ፣ ግድግዳ ላይ የነበረው የሊቀ መናብርት ስም ዝርዝር ቆሻሻ መጣያ ይገባል። አንድ ጡረተኛ የታሪክ ማኅበር አባል መኪናውን ይዞ ካልደረሰ በቀር። ላውተን ይህን አደጋ በከፊል ያመለጠችው አዳራሿ የግል ንብረት ስላልሆነ ነው። የካሳ ገንዘብ ነውና በባለአደራዎች እጅ ያለ የበጎ አድራጎት ንብረት ነው፤ ማንም ተነስቶ ለአፓርታማ አይሸጠውም።

ከጦርነቱ በኋላ በ1940ዎቹ መጨረሻ የለንደን አስተዳደር ከላውተን ጎን፣ ደብደን ላይ በቦምብ ለፈረሰባቸው የምሥራቅ ለንደን ሰዎች ትልቅ የመኖሪያ ሠፈር መሥራት ጀመረ። የቆየው የላውተን ነዋሪ በደስታ አልተቀበላቸውም። ባቡሩ በቲኬት ዋጋ ያስቀረው ሰው በመንግሥት ቤት መጣበት። እዚያ ሠፈር ያለ ትምህርት ቤት ግን ስሙ ቶማስ ዊሊንጌል ነው። በ1871 አጥር የነቀሉት የምሥራቅ ለንደን ሰዎች የልጅ ልጆች፣ ሽማግሌውን በስሙ እየጠሩ ፊደል ቆጠሩበት።

በዉድፎርድ ደግሞ የሲልቪያ መኖሪያ ቤት ፈርሷል። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ግን አንዲት ትንሽ የሣር ሜዳ አለች፤ ስሟ ፓንክኸርስት ግሪን ይባላል። የድንጋዩም ቦምብ ዛሬ በአገሪቱ የቅርስ መዝገብ የተመዘገበ ነው፤ ማንም ሊነካው አይችልም። ለንደን ያለ ኢትዮጵያዊ ሴንትራል መስመርን ይዞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም አይቶ መመለስ ይችላል። ጊዜ ከተረፈው በዚያው መስመር ጥቂት ጣቢያ ወደ ፊት ይቀጥልና ላውተን ላይ ይውረድ። ሸክላው ምስል ያለው በስቴሽን ሮድ በኩል ነው።